ሰፈራችን ቅምቡላ ተገኘ፤ ውሻዬን ይዤ ግቢ ለግቢ ባነፈንፍስ?

የአባዶ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 2፡10

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አለፍ ብሎ፣ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው በኩል ነው። አዲስ ሰፈር ነው፤ ግማሹ ግቢ ገና የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ከእኛ ዝቅ ብሎ መሠረት የሚቆፍሩ ልጆች አንድ የዛገ ነገር አወጡ። አንዱ የቀን ሠራተኛ ጭቃውን ላራግፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ሊመታው ሲያነሳ ፎርማኑ ጮኸበት። ክንድ የሚያክል፣ ጭራው ላይ ክንፍ ክንፍ ያለው ነገር ነው። ቅምቡላ! ፖሊስ ተጠራ፣ ቦታው ታጠረ፣ ባለሙያዎች መጥተው ወሰዱት። እስከዚህ ተመስገን ነው።

አሁን ግን ሰፈሩ በሙሉ ፈርቷል። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ጭር ብሏል። ግንባታ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቁፋሮ አቁሟል። እኔ ደግሞ ለጥበቃ የገዛሁት ማሊኖይስ ውሻ አለኝ፣ ጃክ ይባላል። ኳሱን የትም ብደብቅበት አነፍንፎ ያወጣታል። ዩክሬን ውስጥ ፓትሮን የሚባለው ትንሽዬ ውሻ እ.ኤ.አ. በ2022 ከፕሬዚዳንቱ እጅ ሜዳሊያ ሲቀበል አይተናል። ጃክ በቁመትም በጉልበትም ያስከነዳዋል። ቀለህ አሽትቼው፣ በገመድ ይዤ ግቢ ለግቢ ባዞረው ምን ይመስላችኋል? የእድራችን ሊቀ መንበርም ሐሳቡን ወዶታል።

ሙድ_ያዥ | 2፡18

ጃክ ካገኘው ሜዳሊያ፣ ከረገጠው እድር። ሊቀ መንበሩ ድንኳኑን አውጥቶ አስጥቶት ይሆናል።

ጡረተኛ_አምካኝ | 2፡41

ወንድሜ፣ በቅድሚያ ጃክን እሰረው። ይህን የምልህ ውሻ ጠልቼ አይደለም። አፋር በረሃና ሰሜኑ ድንበር ላይ ፈንጂ አነፍናፊ ውሻ ይዤ ስሠራ ነው ጸጉሬ የሸበተው።

ጃክ ኳሱን ሲያገኛት ምን ያደርጋል? በእግሩ ይጭራል፣ በአፉ ያነሳታል፣ ይዞልህ ይመጣል። ይህንኑ ቅምቡላ ላይ ሲያደርገው አስበው። የሠለጠነ ውሻ ሽታው አፍንጫው እንደገባ ቁጭ ይላል። በቃ። አይቆፍርም፣ አይጮህም፣ አንድ እርምጃ አይጨምርም። ዓይኑን ሽታው በመጣበት በኩል ተክሎ ይጠብቃል። ሽልማቱን ኳስ የሚያገኘውም እዚያው ላይ ሳይሆን ተጠርቶ ወደ ያዡ ሲመለስ ነው። እንዲህ ቁጭ ማለትን ብቻ ለማስተማር ወራት ይፈጃል።

ቀለሁን ደግሞ እርሳው። የተተኮሰ ቀለህ የሚሸተው የተቃጠለ ባሩድ ነው። ፈንጂ ውስጥ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ቲኤንቲ ነው። ውሻው የሚይዘው የቲኤንቲን፣ ይበልጥ ደግሞ አብሮት የሚገኘውን ዲኤንቲ የሚባል ነገር ትነት ነው። በቀለህ ካሠለጠንከው ጃክ ቀለህ ያገኝልሃል። ቲኤንቲው አጠገብ ጭራውን እየቆላ ያልፋል።

ቅምቡላ ወፍራም ብረት ስለሆነ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይበቃዋል። ውሻ የሚያስፈልገው አካሉ ፕላስቲክ ለሆነ ፈንጂ ነው። ወይም እንደ ሩሲያው ፒኤምዲ-6 የእንጨት ሳጥን ሆኖ በውስጡ ያለው ብረት እዚህ ግባ ለማይባል። እንዲህ ያለውን እንዲይዝ የመሣሪያውን ስሜት ከፍ ስታደርገው ለሚስማሩም፣ ለቆርቆሮውም፣ ለቀለሁም ይጮኻል። ለእያንዳንዱ ጩኸት ደግሞ አንድ ሰው ተንበርክኮ መፈተሽ አለበት። የናንተ ሰፈር የፈንጂ ሜዳ አይደለም፤ ባዝኖ የቀረ አንድ ቅምቡላ ነው የተገኘው። በእድሩ ስም ፖሊስ ጋ ሂዱና የቀረውን ቦታ ባለሙያ በመሣሪያ እንዲያይላችሁ ጠይቁ።

የአባዶ_ልጅ | 2፡55

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጃክ ታስሯል። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ሽታውን ተከትሎ የሚሄድ ውሻ ራሱ ፈንጂውን ለምን አይረግጠውም?

ጡረተኛ_አምካኝ | 3፡12

ጎረቤት ቡና ሲቆላ ለማወቅ ምጣዱ ጋ መድረስ የለብህም። ሽታው ቀድሞ ይመጣል። ለዚህ ነው ውሻውን ነፋሱ ከፊቱ ወይም ከጎኑ እንዲነፍስለት አድርገህ የምታሰማራው። አንተ የጸዳ መሬት ላይ ትቆማለህ። 10 ሜትር ገደማ በሆነ ገመድ ቀጥ ባለ መስመር ወደፊት ትልከዋለህ፣ ሄዶ ይመለሳል። ትንሽ ጠጋ ትልና እንደገና ትልከዋለህ። ሲጨርስ ሌላ ውሻ መጥቶ ያንኑ ቦታ ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ውሻ ብቻ ያየው መሬት ታየ አይባልም።

ከሁለቱ አንዱ ከተቀመጠ ውሻውን መልሰህ ትጠራለህ። ከዚያ በኋላ የሰው ሥራ ነው። አምካኙ መሣሪያውን ይዞ ይገባል፣ በደረቱ ተኝቶ ወይም ተንበርክኮ መውጊያ የሚባለውን ቀጭን ዘንግ ዘንበል አድርጎ፣ 30 ዲግሪ ያህል፣ አፈሩን ከጎን ይነካካል። ፈንጂው የሚፈነዳው ከላይ ሲጫኑት ነዋ፣ ስለዚህ በጎኑ ነው የሚደረስበት። ፊቱ ላይ ላቡ ይንቆረቆራል፣ የፊት መከላከያው በትንፋሹ ይደበዝዛል፣ እጁ ግን አይቸኩልም።

አደጋ የለም አልልም። ብዙ ውሾች ግን ሳይነካቸው ሠርተው ጡረታ ይወጣሉ።

ኢንጂነር_ሰሚት | 3፡20

ከይቅርታ ጋር፣ በዚህ ዘመን ውሻ ማለት አሳፋሪ ነው። ድሮን አለ፣ የሙቀት ካሜራ አለ፣ መሬት የሚያርስ ማሽን አለ። ውሻ ይታመማል፣ ይሰለቻል፣ ይሳሳታል። ሕይወት በውሻ ስሜት ላይ ይጣላል እንዴ?

ሙድ_ያዥ | 3፡22

ኢንጂነር ማሽኑን አምጣልን እንጂ። የአባዶ መንገድም ይታረስልን።

ጡረተኛ_አምካኝ | 3፡50

ኢንጂነር ያለው ግማሹ እውነት ነው። ድሮን የት መሄድ እንዳለብህ ያሳይሃል። ማሽንም ሜዳ ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ድንጋያማ ገደል ላይ ግን አይወጣም። ውሻም ቢሆን የማይገባበት ቦታ አለ። ፈንጂ በረድፍ በረድፍ ተጠቅጥቆ የተቀበረበት ላይ ሽታው ይደበላለቅበታል። ከባድ መሣሪያ ሲዘንብበት የኖረ ቦታም እንዲሁ ነው፣ አፈሩ ራሱ ፈንጂ ፈንጂ ይሸታል። ሣሩ ረጅም ከሆነ፣ እግር ሲነካው ፈንጂ የሚያፈነዳ መጎተቻ ሽቦ ካለበት፣ ዝናብ ሲጥል፣ ነፋስ ሲበረታ ውሻ አናስገባም።

ሰዎች የማይረዱት አንድ ነገር አለ። የውሻ ትልቁ ጥቅም ፈንጂ ማግኘቱ ላይ ይመስላቸዋል። አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ ሄዶ ሄዶ ምንም ሳይል መመለሱ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጠናቀቅ፣ በኖርዌይ ሕዝብ እርዳታ ድርጅት የተሠራው ማለቴ ነው፣ ፈንጂ ያስቸገራቸው ወይም የሚጠረጠርባቸው 1,492 መንደሮች ተመዘገቡ። ሁለት ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሕዝብ ማለት ነው፤ አፋር፣ ሶማሌና ትግራይ ዋናዎቹ ነበሩ። በኋላ ግን ቦታ ቦታው እየተፈተሸ ሲሄድ ከተጠረጠረው መሬት አብዛኛው ባዶ ሆኖ ተገኘ። አስቡት እንግዲህ። ገበሬው ለዓመታት ያላረሰው፣ ልጁን አይሂድ ያለበት፣ ከብቱን ያዞረበት መሬት ባዶ ነበር። በሰው ጉልበትና በመሣሪያ ብቻ ይህን ሁሉ ባዶ መሬት ሚስማር በሚስማር ስትፈትሽ ዕድሜህ ያልቃል። ውሻ ለብረት ቁርጥራጭ ስለማይቆም ባዶውን ባዶ ነው ብሎ ቶሎ ይለይልሃል።

የጸዳውን መሬት ለገበሬው በምናስረክብበት ቀን እኛው ራሳችን ከነውሾቻችን ማሳው ላይ ወዲያ ወዲህ እንላለን። ገበሬው ወረቀቱን አይደለም የሚያምነው፣ እግራችንን ነው።

ከሰሜን_መጣሁ | እሑድ ጠዋት 1፡30

ጋሼ ጽሑፍህን ሌሊት ላይ አነበብኩት። አሁን የምኖረው ሰንዳፋ ነው፤ የአክስቴ ማሳ ግን ያለፈው ጦርነት ምሽግ ከነበረበት አጠገብ ነው። ሕዝቡ ራሱ ድንጋይ ከምሮ ምልክት አድርጓል። በስልክ የማወራት ስለ ዝናቡ ብቻ ነው፣ ስለ ማሳው አናነሳም። ውሻ ለምን በብዛት አያመጡም?

ጡረተኛ_አምካኝ | 2፡05

የኔ እህት፣ ወይም ወንድሜ፣ ውሻ ብቻውን አይመጣም። ያዥ ይፈልጋል፣ የእንስሳት ሐኪም፣ መኪና፣ ጥላ ያለው ማደሪያ፣ በየጊዜው የሚደረግ ፈተና። ውሻና ያዥ ተጣምረው ነው የሚፈተኑት፤ ያዡ ቢቀየር ፈተናው እንደ አዲስ ይጀመራል። ምሽግ አጠገብ ደግሞ እንዳልኩት የተተኮሰው ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ የሚገባው ሰው ከነመሣሪያው ነው። ለአክስትሽ ወይም ለአክስትህ እንዲህ በልልኝ፦ የተከመረውን ድንጋይ ማንም አያንሳ። አምካኞች ከመጡ ቀይ የተቀባ ድንጋይ አደጋ ነው፣ ነጭ የተቀባ የጸዳ ነው። በቀዩና በነጩ መሃል አቋራጭ የለም።

እናት_ጎተራ | 3፡15

ልጆቼ፣ እኔ ውሻ አላውቅም፤ ፈንጂ ግን አውቃለሁ። ግንቦት 1983 ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ጎተራ አካባቢ ነበርን። ጣራው ተነሳ፣ መስኮት የሚባል አልቀረም። የሰባ ሰባቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን እጁን ያጣው፣ የድምፅ ባለሙያውም የሞተው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ልጆች ሜዳው ላይ የወዳደቀውን ሁሉ እየለቀሙ ይጫወቱበት ነበር፤ ስንቱን ልጅ ገርፈን አስጣልን መሰላችሁ። አሁን አያት ጫፍ ላይ ነው የምኖረው። እዚህም ቢሆን ግሬደር በገባ ቁጥር ልቤ አይረጋም። አባዶ ያለኸው ልጄ፣ ውሻህን ማሰርህ ደግ አደረግህ። የሰፈርህንም ልጆች እሰርልኝ።

ልዋጭ_ልዋጭ | 4፡00

የኔን ሥራ ስም አይታችሁ ታውቃላችሁ። ቁርጥራጭ ብረት እገዛለሁ፣ መጋዘናችን ከተማው ዳር ነው። ከክፍለ ሀገር በአይሱዙ የሚመጣው ብረት ውስጥ የማይገባ ነገር የለም። የመኪና አካል፣ ምጣድ፣ የበር ማጠፊያ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጭራ ያለው ነገር። ልጆቹ "ባዶ ነው፣ ተተኩሷል" ይላሉ። በምን አወቁ? ክብደቱን በእጅ እያመዛዘኑ! ነሐስ ካለበት ዋጋው ስለሚጨምር ማንም መጣል አይፈልግም። ጋሼ፣ እንዲህ ላለው ጭነት ውሻ አይሆንም? መኪናው ሳይራገፍ ዙሪያውን ቢያሸት?

ጡረተኛ_አምካኝ | 4፡35

ይሆናል። የጭነት አነፍናፊ የሚባሉ ውሾች አሉ፤ ኤርፖርት ላይ ሻንጣ የሚያሸቱት ዘመዶቻቸው ናቸው። ሥልጠናው ግን ይለያል። ሜዳ ላይ የሠራ ውሻ ወርዶ መሬት መሬቱን ነው የሚያሸተው፣ አይሱዙ ላይ ውጣ ብትለው ግራ ይገባዋል። ደግሞም በጥሩ ብረት የተደፈነ ቅምቡላ ሽታው እንደ ፕላስቲክ ፈንጂ ቶሎ አይወጣም።

እስከዚያው ግን ወንድሜ፣ ክብደት ማመዛዘኑን ዛሬውኑ አስቁም። የተተኮሰና ያልፈነዳው ነው ከሁሉ የከፋው፤ መፈንጃው ተቀስቅሶ በፀጉር ልዩነት ቆሞ ሊሆን ይችላል። ግራይንደር አታስነካው፣ ካርቦይድ አታስጠጋው። ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ወደ ወንዝ የሚወረውሩም አሉ፣ ይህ ችግሩን ለሌላ ሰው ማስረከብ ነው። ባለበት ይተው፣ ሰው ይራቅ፣ 991 ይደወል። "የት አመጣችሁት ብለው ያስሩናል" ብለው የሚፈሩ ነጋዴዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ጥያቄ መመለስ ይሻላል።

ልዋጭ_ልዋጭ | 4፡41

የሚፈሩት ነገር እውነት ነው፣ አልዋሽህም። ሰኞ ልጆቹን ሰብስቤ አወራቸዋለሁ።

አይጥ_ወዳድ | 5፡10

ማንም አይጥ አለማንሳቱ ገረመኝ። ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ውስጥ አፖፖ የሚባል ድርጅት ትልልቅ የአፍሪካ አይጦችን ፈንጂ እንዲያሸቱ ያሠለጥናል። ከአንድ ኪሎ ትንሽ ነው የሚያልፉት፣ ረግጠውትም አይፈነዳም። ማጋዋ የሚባለው ካምቦዲያ ውስጥ በሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2020 ከእንግሊዝ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ ጡረታ እስኪወጣ ከ100 በላይ ፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ አግኝቷል። እዚሁ አዲስ አበባም ይኸው ድርጅት ከአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ አይጦች አክታ አሽትተው የሳንባ ነቀርሳን እንዲለዩ ያደርጋል። እኛ ግን አይጥ ስናይ መርዝ እንገዛለን።

ሙድ_ያዥ | 5፡13

እናቴ ይህን ብታነብ ኮንዶሚኒየሙን ትለቃለች።

የእንስሳት_ሐኪም_ሱሉልታ | 5፡40

ጋሼ የተናገሩትን በሙያዬ ላጠናክር። ሰው አፍንጫው ውስጥ አምስት ስድስት ሚሊዮን የሽታ ተቀባይ ሕዋሳት አሉት፤ ውሻ ከ200 ሚሊዮን በላይ። ሆኖም ውሻ እንደ ሰው አያልበውም፣ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። የሚያለከልክ ውሻ ደግሞ በአፉ ነው የሚተነፍሰው፣ በደንብ አያሸትም። ስለዚህ በረሃ ላይ የሥራ ሰዓት የሚወስነው ሰዓቱ ሳይሆን ምላሱ ነው ማለት ይቻላል። እኛ ሱሉልታ ብርዱ ሌላ ነው፣ እዚህ ለውሻ ምቹ ነው። ከውጭ የሚመጡትን በብዛት የሚጎዳቸው ፈንጂ ሳይሆን መዥገር የሚያመጣው በሽታ ነው። እና እባካችሁ፣ ሥልጠናው ቀርቶ ሰፈር ያሉትን ውሾች የእብድ ውሻ ክትባት አስከትቡ።

ኢንጂነር_ሰሚት | 6፡20

እሺ፣ ጥያቄዬን ልቀይር። ውሻው ባዶ ነው ሲል እንዴት ይታመናል? መሣሪያ ሲበላሽ መብራቱ ይጠፋል። ውሻ አፍንጫው ቢዘጋ ማን ያውቃል? ለቀናት ምንም ካላገኘ ደግሞ ዝም ብሎ መዞር አይለምድም?

ጡረተኛ_አምካኝ | 7፡05

ይህን የሚጠይቅ ሰው ነበር የምፈልገው።

ይለምዳል እንጂ! ለዚህ ነው ጠዋት ወደ ሜዳው ከመግባቱ በፊት በፈተና ቦታ የሚያልፈው። እዚያ መፈንጃቸው የወጣ ፈንጂዎች ተቀብረዋል። ትናንት ሳይሆን ከወራት በፊት ነው የሚቀበሩት። አዲስ ከሆነ ውሻው የሚያሸተው የተገለበጠውን አፈርና የቀባሪውን እጅ ነው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈንጂ ፈላጊ ውሾች ወደ ሰሜን አፍሪካ ልከው የከሸፈባቸው አለነገር አይደለም፤ ልምምድ ላይ ጎበዝ የነበሩት እውነተኛው ሜዳ ላይ ያልፉት ነበር። በፈተናው አንዱን ከሳተ ያን ቀን አይሠራም። አፍንጫው ተዘግቶም ይሁን አኩርፎ፣ ምክንያቱን በኋላ ሐኪሙ ያየዋል።

የያዡ ነገር ደግሞ ከውሻው ይብሳል። ውሻ ሰው ያነባል። የተቀበረበትን ቦታ ካወቅህ ሳታስበው ገመዱን ላላ ታደርጋለህ፣ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ እግርህ ይዘገያል። ውሻው ያንን አይቶ ቁጭ ይልልሃል። ቲኤንቲውን ሳይሆን አንተን አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ የፈተናውን ካርታ የሚይዘው ተቆጣጣሪው ብቻ ነው። እሱም ከኋላ፣ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ውሻው እንዳያየው። አንዳንድ መስመር ላይ ሆን ተብሎ ምንም አይቀበርም። ምንም በሌለበት የተቀመጠ ውሻም፣ ያለበትን ያለፈ ውሻም እኩል ወድቋል።

የአባዶ_ልጅ | 7፡18

ጋሼ፣ ያዡ ተበሳጭቶ አያውቅም? ውሻህ ሲወድቅ ማለቴ።

ጡረተኛ_አምካኝ | 7፡30

ያበሳጫል፤ በተለይ ተቆጣጣሪው ምንም ሳይል ደብተሩን ሲዘጋ። ግን ውሻውን አትቆጣውም። ከተቆጣኸው በሚቀጥለው ቀን አንተን ለማስደሰት ብሎ የትም ይቀመጥልሃል፣ ያኔ ነው ጣጣው። ውሃ ትሰጠዋለህ፣ ጥላ ታስገባዋለህ፣ ከሰዓት ልምምድ ትመልሰዋለህ። ያን ቀን መስመርህን ሌላ ጥንድ ይዞት ይገባል።